ቃለ ጉባኤው ያልያዘው

ሃያ ሰባት ዓመት ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ፣
ማን እንዳጨበጨበ፣ ማን እንደሳለ ግን ገደፍኩ።
ደንቡ እንዲህ ይላል፦ «ውሳኔው ብቻ ይግባ»፤
ሳል አይመዘገብ፣ ቁጣም ሆነ እንባ።
አሁን ጡረታ ነኝ፣ ብዕሩም የግሌ፤
ቤሪል ታተርሶልን ልጻፋት በቃሌ።

ሃርስደን ትባላለች፣ የሰሜን እንግሊዝ ከተማ፤
ፈትል ፋብሪካዋ ከቆመ ወዲህ፣ ከዝናብ በቀር ብዙ አይሰማ።
ቤሪል በጫማ ሱቅ ተንበርክካ ስትለካ፣
የአገሩን እግር ሁሉ በቁጥር ታውቅ ነበር ለካ!
«የሰባት ተኩል ሰው» ትላለች አላፊውን አይታ፣
ስሙን ብትረሳ እንኳ፣ ሰላምታ ሰጥታ።

ፖለቲካ ያስገባት ርዕዮተ ዓለም አይደል፤
አርባ ሰባት ቁጥርን ስትጠብቅ የመታት፣ የዝናብ ነው በደል።
መጠለያ ጠየቀች። «በጀት የለም» አሏት።
ደግማ ጻፈች፣ መልሱንም ነፈጓት።
በሦስተኛው ጊዜ ራሷን አጨች፣
በአሥራ አንድ ድምፅ ወደቀች።
በአራት ዓመቱ ግን በየበሩ ዞራ፣
የለካችው እግር ሁሉ መጣ፣ ተሰልፎ ከሷ ጎራ።
የመጀመሪያ ሥራዋ፦ ያቺ መጠለያ፤
ሦስት ግድግዳ፣ አንድ አግዳሚ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ።

መሪው ኖርማን ፒከፕ፣ ያረጀ ቧልተኛ፣
አደረጋት ምክትል፣ አደረጋት ጓደኛ።
«ወንበር» ይላት ነበር፣ «በብርድ ቀን ይሞቃል፤
የሞቀው ሰው ታዲያ መነሣት መቼ ያውቃል?»
አስተማራት፤ ሰማች። አንድ ሐሙስ ማታ፣
በጓዳው ስብሰባ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ፣ እጅ ሲቆጠር በዝምታ፣
አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ስምንት። ኖርማን ባርኔጣውን አነሣ፤
«ጥሩ ተምረሻል» አላት፤ ወጣ፤ ጃንጥላውን ረሳ።

ጃንጥላው ዛሬም መዝገብ ቤት ጥግ ላይ አለ።

ሥልጣን ሲባል ሰዎች ዙፋን ይመስላቸዋል፤
የሷ ዕድሜ በቆሻሻ ቀንና በመቃብር ሣር መሐል ያልፋል።
ሌሊት ስልክ ይጮኻል፦ «ቤሪል፣ መብራት ጠፋ!»
ካፖርት በሌሊት ልብስ ላይ፣ የእጅ ባትሪ ታቅፋ
ትደርሳለች።

ከዚያ የለንደን ደብዳቤ መጣ፣ በጀቱም ተቆረጠ፤
የመዋኛው ገንዳ ይዘጋ ወይስ የአዛውንቱ ቤት? ጉባኤው ተቀመጠ።
ልጇ ኮሊን ውኃ የለመደው እዚያው ገንዳ ውስጥ ነበር።
እኩል ለእኩል ሆነ። ሁላችንም ወደሷ ዞርን።
እጇን አወጣች።
እጅ ማውጣትና እጅ መስጠት
ያን ለት አንድ መሰሉኝ።
ቃለ ጉባኤው ይላል፦ «በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ»፤
ያ አንድ ድምፅ፣ ድምፅ አጥቶ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ እንደተንሰፈሰፈ
አልጻፍኩም።

በማግሥቱ ደጃፏ ላይ እርጥብ ፎጣ አስቀመጡ፤
አሥራ ሦስት ፎጣ። ልጆች ናቸው አሉ፣ ጎሕ ሳይቀድ የመጡ።
ሁሉንም አጠበች፣ አጣጠፈች፣
ለአዛውንቱ ቤት ሰጠች።

ምርጫ ደረሰ። በስፖርት አዳራሽ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ፣
ሌሊቱን ተቆጠረ፤ የሷ ክምር ሲሳሳ፣ የሌላው ሲበዛ።
ሦስት መቶ ድምፅ ጎደላት። ለአሸናፊው ወጣት፣
እግሩን አይታ፣ «ዘጠኝ ቁጥር ነህ» አለችው፤ ሌላ ቃል አልወጣት።
ወረደች። የወረደ ሰው ደግሞ
የሚሳፈርበት ይሻል።

ትናንት በመኪና ሳልፍ፣ ዶፍ ነበር።
መጠለያዋ ሥር ተቀምጣለች፤ ሰማንያ ሞልቷታል፣
ቦርሳዋ ጭኗ ላይ።
መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣ «ቤሪል፣ አርባ ሰባት ቁጥር
ከቀረ እኮ ዘጠኝ ዓመቱ» አልኳት።
«አውቃለሁ፤ ያስቀረሁት እኔ አይደለሁ?»
«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»
ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።
«ምንም። ያፈስ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

ቤቴ ገብቼ፣ ከልማድ፣ በደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩ፦
የተገኙ፦ ሁለት።
ያልተገኘ፦ አርባ ሰባት ቁጥር።
ጣሪያው አላፈሰሰም።